ባለቤት ያጣችው ጳጉሜን

በጭሮ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ በነርስነት ያገለገሉት ሲስተር አስካለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በቤታቸው ዐርፈዋል። ሕመማቸው የቆየው ሦስት ቀን ብቻ ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት እንኳ ሊጠይቃቸው የገባውን ሰው ሁሉ «ያ ሳልህ ተሻለህ ወይ?»፣ «የልጅሽን ክትባት ጨረስሽ?» እያሉ ይመረምሩት ነበር እንጂ ስለ ራሳቸው አላወሩም። ረቡዕ ዕለት ሲቀበሩ ከሂርና እስከ ሚኤሶ ያለው ወዳጃቸው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ተሰብስቦ ሸኝቷቸዋል። ዜናው ሳይደርሳችሁ ቀርቶ በቀብራቸው ላይ ያልተገኛችሁ፣ በእጃቸው የወለዳችሁና በእጃቸው የተወለዳችሁ፣ መርፌያቸውን ፈርታችሁ አጥር የዘለላችሁም ጭምር፣ መርዶውን ከዚህ ወረቀት የምትሰሙ በመሆኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ አበልጃቸው ነኝ፤ ሁለተኛዋን ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው። ሙያዬ የአማርኛ መምህርነት ነው። ስለ ሟች ሲጻፍ መልካሙን ብቻ መጻፍ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ስለ ሲስተር አስካለ ደግሞ መልካሙን ለመጻፍ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ነገር ግን ሐሙስ ዕለት በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንድ ነገር ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ማመስገን አልቻልኩም።

ጀማል ለቅሶ ሊደርስ ገባ። ጀማል ከጭሮ ሚኤሶ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ አብዛኞቻችሁ የምታውቁት ሰው ነው። ገና ጭቃውን ከጫማው ላይ ሲያራግፍ፣ ከበሩ አጠገብ ከተቀመጡት አንዱ «ጳጉሜን መጣ» አለ። ሦስት አራት ሰዎች በለቅሶ ቤት ሊሳቅ የሚቻለውን ያህል ሳቁ። ጀማል የቀረበለትን ንፍሮ በእጁ እንደያዘ ጥቂት ተቀመጠ፤ ከዚያም አንዲት ፍሬ ሳይቀምስ መልሶ ትሪው ላይ አድርጎ ወጣ። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። አየሁ፣ ሰማሁ፣ ምንም አልተናገርኩም።

ይህ ቅጽል ስም ለምን እንደወጣለት ታውቃላችሁ፤ ወይም የምታውቁ ይመስላችኋል። ሲስተር አስካለ ቆላ ወርደው ያለ ደመወዝ ባገለገሉበት ዓመት መጨረሻ ላይ የጳጉሜን ስንቃቸውን ጀማል በላው ይባላል። ይህ ወሬ በከተማችን አራት ዓመት ኖሯል። ሰዎች ዕቃቸውን ለጀማል መስጠት አቁመዋል፤ ልጆች መኪናውን ሳይቀር «ጳጉሜን» ይሏታል። ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን እንዴት እንዳወቅሁ ለመናገር ግን ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ፤ ካልሆነ ድፍረቱን አላገኝም።

ነገሩ የተጀመረው በቃሬዛ ነው። ከሚኤሶ ወረድ ብሎ ካለው ቆላ ምጥ የጠናባትን ሴት ወንዶች ተሸክመው እስከ መኪና መንገዱ አደረሷት፤ ከዚያ ጀማል በጭነት መኪናው አሳፍሮ ጭሮ አመጣቸው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲያወርዷት ሕይወቷ አልፎ ነበር። ለሲስተር እንዲህ ያለ ነገር የመጀመሪያቸው አልነበረም። የዚያን ቀን ግን ባልየው «ሲስተር፣ አንቺ እዛ ብትኖሪ እሷ አትሞትም ነበር» አላቸው።

«አላለቀሰም እኮ፤ አልተቆጣኝም» አሉኝ ሲያጫውቱኝ። «ዝም ብሎ ነገረኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን በኋላ በየቢሮው ሄዱ። ለቆላው ነርስ ይመደብ ሲሉ በጀት የለም ተባሉ። እኔ ልመደብ ሲሉ መደቡ የለም ተባሉ። በመጨረሻ ያገኙት የአንድ ዓመት ፈቃድ ነው፤ እሱም ያለ ደመወዝ። በሳምንቱ እኔ ቤት መጡና፣ ገና ሳይቀመጡ፣ «አበልጄ፣ አንድ ዓመት ልለምን ነው» አሉኝ።

«ምን ሊለምኑ?»

«አንድ ዓመት። ሥራውን እኔ እሠራለሁ። እዚያ የምበላውን ወዳጅ ዘመድ ይስጠኝ። ያስተባብሩልኝ።»

እኔ ደብዳቤ መጻፍ እወዳለሁ፤ ይህ ድክመቴ ነው። የትምህርት ቤቱን የጽሕፈት መኪና ተውሼ፣ ካርቦን አስገብቼ፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቼ፣ «ጉዳዩ፦ ለአንድ ዓመት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚውል መዋጮን ይመለከታል» ብዬ ጀመርኩ። «የተለመደው ትብብራችሁ እንዳይለየን» ብዬ ጨረስኩ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ደብዳቤ ሳስብ በራሴ እናደዳለሁ። በዚያ ጊዜ መዋጮ የሚል ቃል የሰማ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ የከፈለበትን ካርኒ ነው የሚፈልገው። ለዚህም መዋጮ፣ ለዚያም መዋጮ ሲባል ሰው ሁሉ ካርኒውን እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ያስቀምጥ ነበር።

የጫት ነጋዴዋ ወይዘሮ ሐሊማ ወረቀቱን በእጄ ላይ ሲያዩ እንኳን ሊያነቡት፣ ወደ ጓዳ ሮጠው የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። «ወላሂ ከፍያለሁ መምህር! አቦ፣ በዚህ ወር ስንቴ ነው የምትመጡብኝ? ይኸው ካርኒው! ይኸውልህ ሌላው!» እያሉ በእግሬ ላይ ዘረገፉት። የሲስተር የገዛ ወንድማቸው አቶ ተፈራ ደግሞ ከሂርና ለደብዳቤዬ መልስ ላኩ፤ ፖስታውን ስከፍተው የቀበሌ ደረሰኝ ነው። እኔም ከቀበሌ ተጠርቼ «መዋጮ እንድትሰበስብ ማን ፈቀደልህ ጓድ?» ተብዬ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ።

ሲስተር ይህን ሁሉ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አበልጄ፣ የእርስዎ አማርኛ ሰው ያስፈራል» አሉኝ። ደብዳቤዎቹን ሰብስበው የአንዱን ጀርባ ገለጡና «ገንዘብ አይጥሩባቸው። ወር ይስጡኝ ይበሏቸው» አሉ። የጽዋ ማኅበር ተራ በየወሩ እንደሚዞር፣ አንድ ቤት አንድ ወር እንዲይዝላቸው ነበር ሐሳባቸው። ማሽላ ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ለፋኖስ የሚሆን ላምባ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልፈለጉም።

አብረን ዞርን። በየቤቱ እሳቸው ናቸው የተናገሩት፤ እኔ ከኋላ እርሳስ ይዤ ነበር። «ወር ብቻ?» አሉ ወይዘሮ ሐሊማ። «ወር ከሆነማ ሚያዝያ የኔ ነው። ካርኒ አትስጡኝ ብቻ!» አቶ ተፈራ አዝመራ የሚገባበትን ኅዳርን መረጡ፤ ብልህ ናቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለት ቤት ተገኘ። እኔ ነሐሴን ያዝኩ። ለምን ነሐሴን እንደመረጥኩ እውነቱን ልናገር፤ እስከዚያ ድረስ ሰልችቷቸው ይመለሳሉ ብዬ ነው።

በሲስተር ቤት ተሰብስበን ስሞቹን ከመስከረም ጀምሬ እስከ ነሐሴ አነበብኩ። «ዓመቱ ሞላ» አልኩና ወረቀቱን አጠፍኩ። ሁሉም አጨበጨበ። እዚያ ቤት ውስጥ ከሃያ ሰው የማናንስ ነበርን። በየዓመቱ በክፍል ውስጥ «በእኛ አቆጣጠር ዓመት ስንት ወር አለው?» ብዬ የምጠይቅ፣ «አሥራ ሁለት» ያለውን ተማሪ የማስቆም መምህር፣ ጳጉሜንን ሳላነሣ ወረቀቱን አጠፍኩ። የደመወዝተኛ ልማድ ነው መሰለኝ። ደመወዝ ጳጉሜንን አያውቃትም፤ በነሐሴው እየጎተትን እናደርሳታለን እንጂ እንደ ወር ቆጥረናት አናውቅም። ሌሎቹስ እንዴት ረሷት? እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ሲስተር መስከረም ሲጠባ በጀማል መኪና ወረዱ። ስንቁን በየወሩ የሚያደርሰውም ጀማል ነበር፤ ከሚኤሶ ወዲያ መኪናው እስከሚደርስበት ወስዶ፣ ፋጡማ ለምትባል የመንደሩ ሴት ያስረክባል፤ እሷ በአህያዋ ትጭናለች። ለዚህ ሥራ ሳንቲም አልተቀበለም። እኔ ግን ለአሥራ ሁለት ወር ሰው ስጎትጉት ከረምኩ። አጨብጭቦ የሄደው ሁሉ ወሩ ሲደርስ ይጠፋል። ታኅሣሥን የያዘው ሰው ድሬዳዋ ሄዷል ይባላል፤ የካቲትን የያዘችው ቤቷ ድረስ ሦስት ቀን ብመላለስባት «ሚያዝያ መስሎኝ ነበር» አለች። አንዳንዱ ከያዘው ግማሹን ብቻ ይሰጥና «ሲስተር ትንሽ ነው የሚበሉት» ይለኛል። በየደጁ ቆሜ ጥርሴን የነከስኩትን ያህል በሕይወቴ ነክሼ አላውቅም። ወይዘሮ ሐሊማ ብቻ ሚያዝያን ሳይጠየቁ፣ ከተባለው በላይ አድርገው፣ ጀማል መኪና ላይ ራሳቸው አስጫኑ።

በግንቦት እኔም አብሬ ወረድኩ። መንደሩ የሠራላቸው አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነበር። በሩ ላይ ጀሪካን ተሰቅሏል፤ ከጎኑ ሳሙና በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ክራባቴን አስተካክዬ ልገባ ስል «መጀመሪያ እጅ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ፤ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳያዩ ነው። ታጠብኩ። ከእኔ በፊት የመንደሩ ሽማግሌም ታጥበው ነበር የተቀመጡት። የመንደሩ ሴቶች «አዮ» ይሏቸዋል፤ እናቴ እንደማለት ነው። ሲስተር ኦሮምኛውን አቀላጥፈው ይናገሩታል፤ ሲቆጡ ግን በአማርኛ ነው የሚቆጡት፤ ሴቶቹ ይህን ስለሚያውቁ አማርኛ ሲጀምሩ ይሳሳቃሉ።

የመንደሩን አዋላጆች አጠገባቸው አስቀምጠው ምላጭ እንዴት እንደሚቀቀል ያሳዩ ነበር። በኋላ ብቻችንን ስንሆን እነዚህ አሮጊቶች አይደሉም ወይ ሴቶቹን የሚጎዱት አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ከመምጣቴ በፊት እዚህ ሰው የተወለደው በእነሱ እጅ ነው። ዓመቴ ሲያልቅም በእነሱ እጅ ነው የሚወለደው። ታዲያ እነሱን ካላስተማርኩ ምን ልሠራ መጣሁ?» አሉኝ። በዚያ ዓመት ከዚያ መንደር ወደ ጭሮ አንድም ቃሬዛ አልወጣም።

የግንቦቱ ዱቄት ወሩ ሳይጋመስ ማለቁን ያየሁት ያኔ ነው። ለወለደች ሴት ሁሉ ገንፎ የሚገነፋው ከእሳቸው ጆንያ ነበር። ድርቅ ነበርና በየቤቱ እህል አልነበረም። እኔ ግን ያን ዱቄት ለማግኘት በየደጁ የቆምኩትን አሰብኩና ተናደድኩ። «ለእርስዎ የተላከ ነው እኮ!» አልኳቸው።

«ከወለደች ሴት ፊት ቁጭ ብዬ ብቻዬን ልብላ አበልጄ?»

ግን እየተበሳጨሁ ነው የተመለስኩት፤ በመንገድ ሁሉ ለጀማል እያማረርኩ። ጀማል «አቦ መምህር፣ ዝናብ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» ብቻ ነው ያለኝ።

ነሐሴ ደረሰ፤ የእኔን ወር ላክሁ። በሁለተኛው ሳምንት ነው የላክሁት እንጂ በመጀመሪያው አይደለም። ከዚያ ጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት፣ ለዘመን መለወጫ ግድግዳዬን ኖራ ስቀባ፣ ጀማል በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«መምህር፣ የሲስተር ዕቃ የታለ? ልሄድ ነው።»

«የነሐሴውን ወስደሃል እኮ። አለቀ።»

«ነሐሴ አለቀ። ዛሬ ጳጉሜን ነው። ጳጉሜን የማን ናት?»

ብሩሹ ኖራ እያንጠባጠበ በእጄ ቀረ። በዓይነ ሕሊናዬ ያቺን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበብኳት። «የማንም አይደለችም» አልኩት።

«እንዴ! ሲስተር ግን ትበላለች አቦ» አለኝ።

«አንተ ሂድ፤ ነገ እልካለሁ» ብዬ መለስኩት። ከዚያ ዝናቡ ላይ ወጣሁ። ወይዘሮ ሐሊማ ሂርና ገበያ ሄደዋል። ሰኔን የያዙት ሰው «እኔ ሰኔን ሰጥቻለሁ» ብለው በሩን ግማሽ ከፍተው አናገሩኝ። ሐምሌን የያዘችው «አምስት ቀን ምን አላት? ለበዓል ይመጡ የለ?» አለችኝ። ሁሉም ዶሮ፣ ቅቤ፣ የልጅ ልብስ ሊገዛ ይሯሯጣል። በንዴት እየጦፍኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በቤቴ ማሽላ ነበር። ይህን መጻፍ አለብኝ። በዕቃ ቤታችን ግማሽ ጆንያ ማሽላ ተቀምጦ ነበር። አየሁት። «ነሐሴን ሰጥቻለሁ፤ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እኔ?» አልኩና በሩን ዘጋሁት። ተመልሼ ግድግዳዬን ቀባሁ። በነጋታውም አልላክሁም።

ሲስተር መስከረም ሁለት ቀን ተመለሱ፤ ከስተዋል፣ ወባም ይዟቸዋል። ዝናቡ ጎርፍ አምጥቶ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ለበዓል መውጣት አልቻሉም። አንዲት ሴትም ምጧ ተቃርቦ ስለነበር መንገዱ ክፍት ቢሆንም አይወጡም ነበር። በሳምንቱ እንኳን ደህና መጡ ለማለት እቤታቸው ተሰበሰብን፤ ያጨበጨበው ሁሉ ነበር። እሳቸው ጋቢ ተከናንበው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ተፈራ እህታቸው ከስተው ሲያዩ፣ ከነሐሴው በኋላ ከእኛ ስንቅ እንዳልመጣላቸውም ሲሰሙ ተናደዱና፣ «የጳጉሜን ስንቅ ያልደረሰው ለምንድን ነው? ዝርዝሩን የያዘው ማነው?» ሲሉ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

«ልኬ ነበር» አልኩ። «መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል።»

ይኸው ነው። የጀማልን ስም አልጠራሁም፤ መንገዱ ላይ ያለው ግን ጀማል ብቻ ነው። አንዱ «ጀማል ነዋ!» አለ፤ ሌላው ቀጠለ፤ ጀማል በዚያ ሰዓት ሚኤሶ ነበር። ሲስተር ቀና ብለው አዩኝ። «ጀማል እንዲያ አያደርግም» አሉ። ሰዎቹ እሳቸው ደግ ስለሆኑ ነው ብለው ተዉት። እኔም ደግ ስለሆኑ ነው ያልኩ መስዬ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ጳጉሜን በገባች ቀን፣ ሲስተር በራችን ላይ ይመጡ ነበር። አይገቡም። «አበልጄ፣ ጳጉሜን ገባች። የማን ናት?» ይሉኝና ፈገግ ይላሉ። ባለቤቴ ቀልድ መስሏት ትስቃለች። እኔ ግን «ይግቡ እንጂ» እላለሁ፤ እሳቸውም ጥቂት ቆመው ይሄዳሉ። አራት ጊዜ ጠየቁኝ። ወደ ሚኤሶም ሆነ ወደ አሰቦት መሄድ ሲፈልጉ ሰው ሁሉ እያየ ጀማል መኪና ላይ ነበር የሚወጡት፤ ጋቢናው ውስጥ፣ ከጎኑ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ያ ነገር በሆነ በማግስቱ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጀማል ጋ ሄድኩ። ከመኪናው ሥር ገብቶ ቁልፍ ያጠብቅ ነበር። እግሩን ብቻ እያየሁ ነው የነገርኩት፤ እንዲያ መሆኑም ጠቀመኝ። ስጨርስ ከሥር ወጣ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ዱጋዳ» አለ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። «አውቃለሁ። ያን ቀን ከአንተ ቤት ወጣሁ፤ ተናደድኩ። ሩብ ኩንታል ማሽላ ገዛሁ፤ ሚኤሶ ወረድኩ። ጎርፉ መኪና አያሳልፍም። ፋጡማ ሰጠሁ። አህያዋ አልሻገር አለች፤ ፋጡማ ራሷ ተሸከመች። ለሲስተር ብቻዋን ብትሰጣት አትበላም፣ ታውቃታለህ። ለአምስት ቤት ከፋፈለች፤ እነሱ በተራ አብስለው አበሏት።»

ማሽላውን በላ የተባለው ሰው ማሽላውን የላከው እሱ ነው። የመኪናውን ጎማ ተደግፌ ቆምኩ። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት፤ ድምፄ የቁጣ ነበር፤ በማን ላይ እንደምቆጣ ግን አላወቅሁም።

«ተናግሬያለሁ፣ ለሲስተር። ‹ስሜን አጠፉት› አልኳት። እሷም ፋጡማ ነግራት ታውቅ ነበር። ‹ቆይ ጀማል› አለችኝ። ‹እኔ ከተናገርኩ አበልጄ ውሸታም ይባላሉ። እሳቸው ከተናገሩ ግን እውነተኛ ይባላሉ። ይናገራሉ፤ ቆያቸው› አለች። ቆየሁ።»

«አራት ዓመት?»

«ኤጋ፣ ታዲያ ምን ላድርግ? እሷ ናት ያለችኝ። ለአንተ አይደለም የቆየሁት።»

ለቅሶው ላይ ተነሥቼ ልናገር ስለው በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። «ጻፈው፤ አንተ መጻፍ ትወዳለህ። ሂርናም አሰቦትም ያለው ይስማ። ግን እንደዛ መዋጮ አታድርገው፤ ሰው የሚገባው ጻፍ።»

ስለዚህ ሰው እንዲገባው እጽፋለሁ። ጀማል የማንንም ስንቅ አልበላም። የጳጉሜንን ስንቅ የረሳሁት እኔ ነኝ፤ አስታውሼም የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ልኬያለሁ ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ጀማልን በስሙ ጥሩት። በቅጽል ስም መጥራት የግድ ከሆነባችሁ፣ የእኔ ቤት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሲስተር፣ አበልጄ፤ ለምን እንዳልተቆጡኝ እስከ አሁን ያናድደኛል። ያ ባልየው ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር ብለውኝ አልነበረም? እኔንም ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እርስዎ ሰውን አምነው ይጠብቃሉ፤ እኔ ግን ያለ ልክ የምታመን ሰው አልነበርኩም፤ ይህን አለማወቅዎ ብቸኛ ጥፋትዎ ነው። እየጠበቁኝ ሄዱ። የሚመጣው ጳጉሜን ሲገባ ከጀማል ጋር ወደ ቆላ እወርዳለሁ፤ ማሽላውን ለፋጡማና ለአምስቱ ቤቶች አደርሳለሁ፤ በበሩ ላይ መጀመሪያ እጄን እታጠባለሁ። ደጄ ላይ መጥቶ የሚጠይቀኝ ግን የለም። በሰላም ይረፉ፤ የጭሮ አፈር ይቅለልዎ። አራት ዓመት የጠየቁኝን ዛሬ ልመልስልዎ።

የእኔ ነበረች፣ አበልጄ። ጳጉሜን የእኔ ነበረች።